የአሞኒያው ክፍል በር

አለነ ሲገኝ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ቀኝ እጁን ወደ በሩ ዘርግቶ ነበር። ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር 2006፣ የኅዳር ወር፣ ረቡዕ ጠዋት ነው። ቦታው በደቡብ እስራኤል፣ ከቤርሼቫ ከተማ ዳር፣ ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር፣ ፈሳሽ ማዳበሪያ በሚያመርት አንድ ፋብሪካ ውስጥ ያለች ጠባብ የፓምፕ ክፍል ናት። በቦቴ ተጭኖ የሚመጣው አሞኒያ ከማጠራቀሚያው ወደ ማደባለቂያው የሚገፋው ከዚያች ክፍል ነው። ማደባለቂያው ውስጥ ከአሲድ ጋር ተዋሕዶ በጠብታ መስኖ ለሚለሙት የኔጌቭ በረሃ እርሻዎች ማዳበሪያ ይሆናል።

መርማሪ ትዋብ ገሠሠ ሦስት ሰዓት ላይ ስትደርስ እሳት አደጋዎቹ ክፍሏን በውኃ አጥበው ጨርሰዋል። አሞኒያ ውኃ ካገኘ ወዲያው ይሟሟል። ሽታው ግን ጨርሶ አልለቀቀም፤ ሳይጠረግ የከረመ የከብት በረት ሽታ ነው፣ መቶ እጥፍ በርትቶ ዐይን የሚያቃጥል።

ትዋብ በሃያ ዓመቷ፣ በፈረንጆቹ 1991 ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ከመጡት አንዷ ናት። እዚሁ ቤርሼቫ ኬሚስትሪ ተምራ፣ ጥቂት ዓመት አስተምራ፣ ከዚያ ፖሊስ ገባች። ሟቹ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ሲሆን ጣቢያው ቋንቋ ታውቃለች ብሎ እሷን ይልካል። የዛሬውን ሟች ግን ማንም እንዲያስተዋውቃት አላስፈለገም። ከዐሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት ሽኩና ኣሌፍ በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤቱ ሄዳ፣ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ አብራው አልቅሳ ነበር። አንድ ልጁ ዖዝ፣ የሃያ ዓመት ወታደር፣ ከጦር ሰፈር ወደ ቤት ሲመለስ በመኪና አደጋ ሞቶበት ነው።

አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ መጀመሪያ ያየችው ፂሙን ነው። አለነ ዕድሜውን ሙሉ ተላጭቶ የኖረ ሰው ነበር። ለልጁ ሐዘን ሠላሳ ቀን ምላጭ ላያስነካው አሳድጎት፣ ከግማሽ በላይ ሸብቶ ወጥቷል። ልጁ እስኪሞት ድረስ ሽበት እንዳለበት እንኳ ያወቀ ሰው አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ ሞሼ ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ፂም ያለው ሃይማኖተኛ ሰው ነው። እንደ እሱ አባባል ነገሩ ግልጽ ነበር። አለነ ሥራ ሳይጀመር መጥቶ ፓምፑን አስነሣ፤ የቱቦው መታጠፊያ ተሰነጠቀ፤ ጋዙ ገደለው። የጋዝ ጭምብሉ ከበሩ ውጭ በሳጥኑ ውስጥ እንደተሰቀለ ተገኝቷል፤ ሊያደርገው እንኳ አልሞከረም። ይህን ከተናገረ በኋላ ሞሼ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ልጁን የቀበረ ሰው ነው። ምናልባት መኖር አልፈለገም ይሆናል።»

«ይህን ለሌላ ሰው ተናግረዋል?»

«እኔ አልተናገርኩም። ሠራተኛው ግን እያወራው ነው።»

ትዋብ ወደ ፓምፑ ክፍል ተመልሳ አንድ ሰዓት ያህል ብቻዋን ቆየች። ዋናው ቫልቭ ተዘግቷል። እሳት አደጋዎቹን ስትጠይቃቸው እኛም ስንገባ ተዘግቶ አገኘነው አሏት። ቫልቩ ያለው ከክፍሉ መጨረሻ፣ ከግድግዳው ጥግ ነው። የፈሰሰው ጋዝ መካከል ገብቶ ካልሆነ በቀር ማንም እዚያ አይደርስም።

ከዚያ መታጠፊያዋን ተመለከተች። ሌላው ቱቦ ሁሉ ግራጫ ብረት ሲሆን እሷ ብቻ ቢጫ ናስ ናት፤ በስንጥቁ ዙሪያ ደማቅ ሰማያዊ ቀለም ተጋግሮባታል። ትዋብ ይህን ቀለም በማስተማር ዘመኗ በብርጭቆ ውስጥ ለተማሪዎቿ ታሳይ ነበር። ናስ ውስጥ መዳብ አለ፤ አሞኒያና እርጥበት ሲገናኙበት መዳቡን እየበሉ ሰማያዊ ያደርጉታል፣ ናሱም እየተሰነጣጠቀ ይሄዳል። በአሞኒያ መስመር ላይ ናስ እንደማይገባ በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ጭምብሉን ከሳጥኑ አወጣችው። ማጣሪያው ለአሞኒያ የሚሆነው አረንጓዴው ነው። ከውስጥ፣ አፍንጫና አፍ በሚያርፉበት በኩል፣ ጎማው እርጥብ ነበር። ማሰሪያዎቹም እስከ መጨረሻው ተስበው ጠብቀዋል። በሩም ላይ ትንሽ ቆየች። ከባድ የብረት በር ነው፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፤ የበረሃው ነፋስ እንዳያላጋው ከውጭ በኩል መቀርቀሪያ ተበጅቶለታል። ከበሩ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ጋዝ የነካው ሰው የሚታጠብበት የድንገተኛ ሻወር አለ። ሥሩ ያለው ሲሚንቶ ገና አልደረቀም።

አስከሬኑን ያገኘው ባዬ ነው። ባዬና አለነ ከጎንደር አብረው ወጥተው፣ አዲስ አበባ አብረው ከርመው፣ በአንድ አውሮፕላን የመጡ ጓደኛሞች ናቸው። ትዋብ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው። የፓምፑ ሥራ የአለነ እንዳልነበረ የነገራት እሱ ነው። ጭምብል ፂም ባለው ፊት ላይ አይገጥምም፤ ጋዙ በፀጉሩ መካከል ይገባል። ስለዚህ አለነ ከልጁ ሐዘን እንደተመለሰ ራሱ ሞሼ ዘንድ ሄዶ፣ ሠላሳው ቀን እስኪሞላ ከአሞኒያው አርቁኝ ብሎ ለመነ። በርሜል ወደሚሞላበት ክፍል አዛወሩት፤ ፓምፑን ባዬ ተቀበለ።

«ታዲያ አባባ አለነ ዛሬ ለምን ገቡ፣ አባባ ባዬ?»

«እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ነው፣ ልጄ። ሥራው የእኔ ነበር። ቀደም ብዬ መጥቼ እዚሁ ተቀምጬ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ሄድኩ፣ በሩ ገጠም ብሏል። ስገፋው እግሬ ሥር ተኝቷል።»

«ቀደም ብለው ከመጡ ለምን ወደ እሳቸው አልሄዱም?»

ከአለነ ጋር ከተነጋገሩ ሳምንት እንዳለፋቸው፣ እንዳይገናኙ ብሎ እዚያ እንደተቀመጠ ባዬ ተናገረ። በምን እንደተጣሉ ስትጠይቀው የማይረባ ነገር ነው ብሎ ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ። ትዋብ አላስጨነቀችውም፤ ግን ልብ አለችው።

የምርቱ መሐንዲስ የባዬ ልጅ ማታን ነው። የመጣው በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አሁን ሃያ ሰባት ሞልቶታል። በሰፈሩ ከወጡት የመጀመሪያው መሐንዲስ ስለሆነ አለነ ከአባቱ ይልቅ ይኮራበት ነበር። በትልልቆቹ ፋብሪካዎች የአየር ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን በኃይለኛ ሙቀትና ግፊት፣ በብረት ላይ እያለፉ አሞኒያ እንደሚሆኑ ማታን አንድ ቀን ነግሮት፣ አለነ ወሬውን ለሰው ሁሉ አዳርሶታል። በአገር ቤት ሳለ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ከገበሬ ማኅበር ለማግኘት ወር ሙሉ ደጅ የጠና ሰው ነውና፣ ማዳበሪያ ከአየር ይወጣል የሚለው ነገር ዘወትር ይደንቀው ነበር። እንግዳ ሲመጣ ማታንን ትከሻውን ይዞ፣ ይህ ልጅ እኮ አየሩን እህል ያደርገዋል ይል ነበር። ማታን ያደገው በአለነ ቤትም ነው። ለዖዝ ሂሳብ ያስጠናው እሱ ነው።

ትዋብ ላቦራቶሪው ውስጥ ስታነጋግረው ዐይኑ ደም መስሎ፣ ድምፁ ጎርንኖ ነበር። በዚያ ቀን ግን እዚያ ግቢ ውስጥ ያላለቀሰ ሰው ስላልነበረ ማንም አላስተዋለውም። በአማርኛ ጠየቀችው፤ እንደ እኩዮቹ በዕብራይስጥ መለሰላት። ከማለዳ ጀምሮ ላቦራቶሪው ውስጥ ነበርኩ፣ ምንም አልሰማሁም፣ ወደ ፓምፑ ክፍል ከደረስኩ ከሳምንት በላይ ሆኖኛል፣ ዛሬም ሞሼ ሰው እንዳይጠጋ ስለከለከለ አልሄድኩም አላት። ስለ ናሱ ስትጠይቀው መሳቢያ ከፍቶ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ የወጣ ወረቀት ሰጣት። አንድ የናስ መታጠፊያ ከስምንት ቀን በፊት ወጥቷል ይላል፤ ከሥሩ በዕብራይስጥ ፊደል «አለነ» ተብሎ ተፈርሟል።

«ማንንም ሳይጠይቅ ገጠመው» አለ ማታን። «ዖዝ ከሞተ ወዲህ ልቡ እዚህ አልነበረም።»

የልጁን ስም ሲጠራ ማልቀስ ጀመረ። ትዋብ በሥራዋ የውሸት ልቅሶ ብዙ አይታለች። ይህ የውሸት አልነበረም፣ ያ ነው ግራ ያጋባት።

ከሰዓት በኋላ ሽኩና ኣሌፍ ሄደች። የአለነ ሚስት ትርንጎ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ለልጇ ሐዘን የተዘረጋው ፍራሽ ገና አልተነሣም። ባሏ ራሱን ገደለ የሚለው ወሬ ቀድሞ ደርሷታል። አልጮኸችም። አለነ ሌሊቱን እንቅልፍ ስለማይወስደው በጠዋት እንደሚወጣ፣ ፋብሪካው ፀጥ ባለበት ሰዓት መቀመጥ እንደሚወድ ነገረቻት።

«ነገ የዖዝን ሻንጣ ከጦር ሰፈር ያመጡልናል» አለች። «ብቻሽን እንዳትከፍችው፣ አብረን ነው የምንከፍተው ብሎ አስምሎኛል። እንዲህ ያለ ሰው ራሱን ያጠፋል?»

ትዋብ አለነ የፈረመበት ወረቀት ካለ እንድታሳያት ጠየቀቻት። ትርንጎ የክሊኒክ፣ የትምህርት ቤት፣ የቤት ውል ወረቀቶች የተቀመጡበትን ፌስታል አስመጣች። በሁሉም ላይ ያለው ፊርማ አንድ ነው፤ በአማርኛ ፊደል፣ አ ገዘፍ ብላ፣ ለነ ከኋላዋ ተከትላ። በዕብራይስጥ መጻፍ አልተማረም። ዖዝ ላስተምርህ ሲለው፣ የምናገረው በቋንቋችሁ ነው፣ ስሜን እንኳ በፊደሌ ልጻፍ ብሎ ይመልስለት ነበር።

ሐሙስ ቀበሩት። ፀሐዩ ኅዳር አይመስልም ነበር። ለዖዝ ተቆፍሮ ከተከመረው አፈር ገና ሣር ሳይበቅል፣ ከጎኑ ሌላ ጉድጓድ ተቆፈረ። ትርንጎ በሁለቱ መካከል ቆማ ወደ የትኛው እንደምትዞር የጠፋት ትመስል ነበር። ካዲሽ የተባለውን የቀብር ጸሎት ማድረስ የልጅ ነበር፤ ልጅ ስለሌለ ባዬ አደረሰለት። ማታን ከአባቱ አጠገብ ሆኖ አጎንብሶ ቆሟል፣ ከሥራ ሳይቀይር እንደመጣ። ትዋብም እንደ ሰዉ ሁሉ ዐይኗን መሬት ላይ ጥላ ነበር፤ በዚያው የማታንን ጫማ አየች። አዲስ ቡናማ የሥራ ጫማ ነው፤ ክሩ ነጭ፣ ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች የናስ። ክሩ በየቀለበቱ ባለፈበት ቦታ ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል።

ቀና አላለችም። ጸሎቱ እስኪያልቅ ያንን ክር እያየች ቆየች፣ እንባዋም የዚያን ጊዜ ነው የመጣው።

ማታ የሐኪሙ ቃል ደረሳት። የአለነ ጉሮሮና ሳንባ በአሞኒያ ተቃጥሏል። የቀኝ እጁ ጣቶች መጋጠሚያ ቆዳው ተገሽልጧል፣ ቁስሉም ውስጥ ቀይ ቀለም ተገኝቷል።

ትዋብ የሚመለከታቸውን ሰዎች ጣቢያ ልትሰበስብ አስባ ነበር። ትርንጎ ግን የሐዘኑ ሰባት ቀን ሳያልቅ ከቤቴ አልወጣም፣ ባሌን የገደለውን ነገር ማወቅ ካለብኝ እዚሁ ፊቴ ይነገር አለች። ስለዚህ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ለቀስተኛው ለጊዜው ጎረቤት ተወስዶ፣ አምስቱ በዚያች ጠባብ ሳሎን ተገናኙ። ትርንጎ ከፍራሽዋ አልተነሣችም። ባዬ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሞሼ የፕላስቲክ ወንበር ተሰጥቶታል። ማታን መስኮቱ አጠገብ መቆሙን መረጠ። ትዋብ በአማርኛ ትናገርና ለሞሼ በዕብራይስጥ ትደግምለት ነበር።

«እማማ ትርንጎ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይወቁልኝ። አባባ አለነ ራሳቸውን አልገደሉም። ጋዙ የሚወጣበትን ቫልቭ የዘጉት እሳቸው ናቸው። መሞት የፈለገ ሰው ይህን አያደርግም።»

ትርንጎ ዐይኗን ጨፈነች።

«ቸልተኛም አልነበሩም። ፂም ካለኝ ጭምብሉ አይዘኝም ብለው ሥራ ያስለወጡ ሰው ናቸው። እንዲያ የሚጠነቀቁ ሰው ያንን ደመና እያዩ የገቡት፣ ውስጥ የሚያወጡት ሰው ስለነበረ ነው።»

ሞሼ ከወንበሩ ቀና አለ። ትዋብ ስለ ጭምብሉ ነገረቻቸው። ተሰቅሎ ቢገኝም ከውስጡ የሰው ትንፋሽ አርጥቦታል፤ ማሰሪያው የጠበቀውም ለቀጭን ፊት ነው። አለነ ጭምብሉን ከሳጥኑ ያወጣው ለራሱ አልነበረም፣ ለእሱ አይሆነውም። ውስጥ ወድቆ ላገኘው ሰው አጥልቆለት፣ ማሰሪያውን በገዛ እጁ ስቦ፣ ወደ በሩ ገፍቶ አወጣው። ከዚያ እሱ ቫልቩን ሊዘጋ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«በዚያ ጠዋት ግቢው ውስጥ የነበራችሁት ሦስት ናችሁ» አለች። «አቶ ሞሼ፣ እርስዎ ፂም አለዎት፤ ያ ጭምብል እርስዎንም አያድንዎትም ነበር። ደግሞ ከግምጃ ቤት የወጣ ወረቀት ሁሉ በእርስዎ እጅ ያልፋል። አባባ አለነ እንዴት ነበር የሚፈርሙት?»

«በእናንተ ፊደል» አለ ሞሼ። «እግሩን ከፍቶ የቆመ ትንሽ ሰውዬ የምትመስለዋ።»

ትዋብ ወረቀቱን አሳየችው። ሞሼ አንብቦ ፊቱ ተለወጠ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ይህን የጻፈ ሰው የአባባ አለነን ስም ያውቃል፣ ፊርማቸውን ግን ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም። አባባ ባዬ ሊሆኑ አይችሉም፤ እሳቸውም በዕብራይስጥ አይጽፉም።»

ባዬ ስሙ ሲነሣ ቀና ብሎ ትዋብን አየ፣ ከዚያ ዐይኑ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ማታን» አለች ትዋብ፣ «ጫማህን መቼ ነው የገዛኸው?»

አባቱ መለሰለት። «እኔ ነኝ የገዛሁለት፣ ማክሰኞ ማታ። የድሮው ተበሳስቶ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ነው ያደረገው።»

ባዬ ይህን ሲናገር ልጁን ሊረዳው ነበር፤ ምን እንደተናገረ የገባው ትዋብ የጫማውን ክር ስታመለክት ነው። የናስ ቀለበት፣ እርጥብ ክር፣ ብርቱ አሞኒያ፤ ሦስቱ ሲገናኙ ሰማያዊ ይሆናል። ጫማው አዲስ ነው። ማታን ረቡዕ ወደ ፓምፑ ክፍል አልተጠጋሁም ብሏል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ክፍሏን ፖሊስ አሽጓታል። ክሩን ያራሰው ከበሩ ሦስት እርምጃ ያለው ሻወር ነው። የዐይኑም መቅላት፣ የድምፁም መጎርነን ሐዘን ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ባዬ ሳይጠየቅ ተናገረ። የተጣሉት በዚሁ ነበር። አለነ መታጠፊያዋ ናስ እንደሆነች አይቶ፣ ልጅህ በሰው ፊት እንዳያፍር አንተ ምከረውና ያውጣት ብሎት ነበር። ባዬ ግን ተቆጣ።

«ስምህን በወጉ መጻፍ የማትችል አንተ ነህ መሐንዲስ የምታርመው አልኩት» አለ። «እንዲህ ነው ያልኩት። ሳይመልስልኝ ሄደ።»

ሞሼም ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ የራሱን ጨመረ። የብረቷ መታጠፊያ እስክትመጣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል ሲሉት፣ የዘር ወቅት ነው፣ ገበሬው አይጠብቀኝም፣ መላ ፈልግ ብሎ ማታንን ያጣደፈው እሱ ነበር። ምን መላ እንደተገኘ አልጠየቀም።

ትዋብ የቀራት ነገር ነበር፤ ልትናገረው አልፈለገችም። ግን ትርንጎ ሁሉንም ጠይቃታለች።

«አባባ አለነ ቫልቩን ዘግተው ወደ በሩ ተመልሰዋል። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር። እጃቸው የቆሰለው ሲደበድቡት ነው፤ የበሩ ቀለም ቁስላቸው ውስጥ ተገኝቷል።»

ትርንጎ ከፍራሹ ተነሥታ ማታን ፊት ቆመች። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያበላችው ልጅ ነው፤ አሁን ከሷ በሁለት ራስ ይበልጣል።

«ሲያንኳኳ ሰማኸው?»

ማታን ሲመልስ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ነበር።

«ሰማሁት። በስሜ ጠራኝ።»

የቀረውን እየቆራረጠ ተናገረ። ናስ እንደማይሆን ያውቅ ነበር፤ ብረቷ እስክትመጣ ብቻ ይይዛል ብሎ ነው። ያን ጠዋት ሰው ሳይገባ ሊፈትሻት ያለ ጭምብል ገብቶ ፓምፑን አስነሣ፣ ተሰነጠቀች። ዐይኑ ጠፍቶ ወደቀ። ፂም ጉንጩን ሲነካው ነው አለነ መሆኑን ያወቀው። ከወጣ በኋላ ደመናው እንዳይከተለው በሩን ዘግቶ ቀረቀረው፣ ሻወሩን በዳሰሳ አገኘ። ውኃው ሥር ቆሞ እያለ ማንኳኳቱን ሰማ።

«ከወጣ ስለ ናሱ ይናገራል ብዬ አሰብኩ» አለ። «ያንን ነው ያሰብኩት። ጥቂት ጊዜ ነው። ስከፍተው ግን ዝም ብሎ ነበር።»

ጭምብሉን ሰቅሎ፣ ላቦራቶሪ ገብቶ ከጫማው በቀር ልብሱን ቀይሮ፣ ወረቀቱን የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ትርንጎ እጇን አላነሣችበትም። «አንተን ሊያወጣ ሲገባ ዖዝን የሚያወጣ መስሎት ይሆናል» አለችው ቀስ ብላ። «ያኔ ስላልደረሰለት።» ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ሁለት ፖሊሶች ከደረጃው ሥር ይጠብቁ ነበር። ማታን ሳይያዝ ራሱ ወደ በሩ ሄደ፤ አባቱን ሲያልፍ ቆም አለ፣ አባቱ ግን ቀና አላለም። ሞሼም ቃሉን ሊሰጥ ተከትሎ ወረደ። ትዋብ የመጨረሻዋ ወጪ ልትሆን ቦርሳዋን ስታነሣ፣ ባዬ ግድግዳውን ይዞ ለመነሣት ሲታገል አየችው። ሊደግፈው የሄደ ሰው አልነበረም። ቆሞ ሸሚዙን ከአንገትጌው ያዘና፣ ሰው ለሞተበት እንደሚደረገው፣ እስከ ደረቱ ቀደደው።

«ትርንጎ» አለ፣ «ከእንግዲህ እዚህ ቤት ለቅሶ ለመቀመጥ የሚበቃ ፊት የለኝም። ልሂድ።»

ከታች የመኪናው በር ተዘጋ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ድምፁ እየራቀ ሄደ። ሁለቱም እስኪጠፋ አዳመጡት።

«ቁጭ በል፣ ባዬ» አለችው። «ዛሬ ሁለታችንም ልጅ የለንም።»

ባዬ ከፍራሹ ጫፍ ተቀመጠ። ትዋብ ጫማዋን ሳታሰማ ወጥታ ለቀስተኞቹን ከጎረቤት ጠራቻቸው፤ አንድ በአንድ ገብተው፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ፣ በሁለቱም አጠገብ ተቀመጡ።